ክር የታሰረበት ብልቃጥ

አዲስ የአቼቶ ጠርሙስ ስከፍት ሽታው መጀመሪያ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል፣ ከዚያ ዓይኔን ውሃ ያስሞላኛል፣ ከዚያ ደግሞ ሳልፈልግ አሥረኛ ክፍል ያስገባኛል። የምሠራው መካነ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ካለ ቁርስ ቤት ነው። ሰላጣ የምከትፈው፣ እንቁላል የምጠብሰው፣ ሾፌሮቹ ሲያበሽቁኝ አጸፋውን የምመልሰው እኔ ነኝ። ስሜ ደብሪቱ ነው፤ ደብሬ ይሉኛል። ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ትዝታ የሽማግሌ ነው የሚል ካለ ሁለት ዓመት ጅዳ ሄዶ የሰው ወለል ወልውሎ ይምጣና ያኔ እንነጋገራለን፤ እዚያ ሰው ቶሎ ያረጃል። ደግሞ እኔን የሚያስታውሰኝ ናፍቆት አይደለም፣ ቅናት ነው። ናፍቆት እያደር ይደበዝዛል። ቅናት ግን የነበረውን ሁሉ እስከነቀለሙ ያስቀምጠዋል፤ የጫማውን፣ የሻሹን፣ የደብተሩን ሽፋን ሳይቀር።

የዛሬ ሳምንት፣ አረፋ ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጠርሙሱን ከፍቼ ሽታው ገና ካፍንጫዬ ሳይወጣ ዘሀራ በበሩ ገባች። መነጽር አድርጋለች፣ ጥቁር ቦርሳ አንግታለች፣ ሻሿ እንደዱሮው አንድ ፀጉር አያሳይም። ደሴ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ሻይ ልትጠጣ ነበር የገባችው። ቢላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። እሷም በሩ ላይ ቆመች። «ደብሬ? ወላሂ አንች ነሽ!» አለችና መጥታ በሽንኩርት እጄ ላይ ተጠመጠመች። እኔም አቀፍኳት። ስታቅፈኝ ምን እንዳሰብኩ ልናገር? ቦርሳዋ እውነተኛ ቆዳ ነው ወይስ አይደለም ብዬ ነው ያሰብኩት። ቆዳ ነው።

ሁለታችንም ከገጠር የመጣን ነበርን። የኛ ቀበሌ ከመካነ ሰላም የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ የነሱ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ያን ያህል። እንደኛ ያለ ተማሪ ሁሉ ከተማ ውስጥ ቤት ይከራያል፣ ዓርብ ከሰዓት አገሩ ይገባል፣ እሑድ ማታ ድርቆሽና በሶና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። እኔና ዘሀራ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ አንድ መደብ ላይ ነበር የምንተኛው፤ ኪራዩ በወር ሠላሳ ብር፣ ለሁለት አሥራ አምስት አሥራ አምስት። ያኔ ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ቦምቦሊኖ ሃያ አምስት። ዘይት በብርጭቆ፣ ላምባ በቢራ ጠርሙስ ይሸጥ ነበር። መናኸሪያው ዛሬ ኮብልስቶን ነው፤ ያኔ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር። ፊት ለፊቱ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጧት እስከ ማታ ያንኑ ዘፈን የሚያስጮህ። ዘፈኑ ስለተለየ ሰው ነበር፤ ሁሉም ዘፈን ያኔ ስለተለየ ሰው ነበር። ሞባይል ያለው ሰው ሲገኝ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ዳገት ይወጣ ነበር፤ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን እናየዋለን። ልብሳችን ሰልባጅ ነው። እኔ አንዲት ጉልበቷ የተላጠ ጂንስ ነበረችኝ፣ ዩኒፎርም በሌለበት ቀን ሁሉ እሷን ነበር የምለብሰው። ጫማችን የላስቲክ ነው። የሷ የላስቲክ ጫማ ግን፣ እንዴት እንደምትይዘው እግዜር ይወቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሱቅ እንደወጣ ያበራ ነበር። የኔ ኅዳር ሳይገባ ተቀዶ በሽቦ ይሰፋል።

ተማሪ ሁሉ የዘይቱንና የላምባውን ጠርሙስ ክር ያስርበታል፤ አብሮት የሚኖረው ቢቀዳበት ክሩና ፈሳሹ ሲለያዩ እንዲያውቅ። ዘሀራም አረንጓዴ ክር ታስር ነበር። «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» ብያት አውቃለሁ። «አንችን አይደለም» አለችኝ፣ «እኔ ራሴን ነው። ማታ ስንት ጣት ላምባ እንዳነበብኩ የማውቅበት ነው።» አያችሁ? ሌላው ሌባ ለመያዝ የሚያስረውን ክር እሷ ጥናቷን ትለካበት ነበር። በዚህም ቀናሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሦስቴ ቀድቼባታለሁ፤ እሷም አይታ ዝም ብላኛለች። ዝምታዋ ነበር ይበልጥ የሚያነደኝ። ብትሰድበኝ እኔም እሰድባት ነበርና እኩል እንሆን ነበር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥያቄው ሳያልቅ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። ያለኝን ሁሉ ባንዴ ነበር የማፈሰው፤ ትክክሉንም ስህተቱንም። ዘሀራ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አትናገርም። ፈተና ሲመለስ የኔ ሰባ፣ የሷ ዘጠና። መምህሩ ውጤት ሲያነብ ቀና ብላ እንኳ አታይም፤ እኔ ግን የሷን ነጥብ ከኔ ቀድሜ ነበር የምሰማው። ከሁሉ የባሰው አባቷ ናቸው። ሸሁ በአገራቸው ቁርኣን ያስቀራሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። የገበያ ቀን ይመጡና በራችን ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «እስቲ ልጄ፣ ዘንድሮ ምን ምን አስተማሩሽ?» ይሏታል። እሷም ስለ አሲዱ፣ ስለ ልብ ክፍሎች ትነግራቸዋለች። እሳቸው ከእንግሊዝኛው አንድ ቃል ባያውቁም እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ። ለኔም፣ «አንችስ ደብሬ፣ አብሽሪ፣ ትደርሻለሽ» ይሉኝ ነበር። የኔ አባት ሲመጣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «መች ነው የሚያልቀው?»

ያን ዓመት ትምህርቱ በፕላዝማ ነበር። ግድግዳው ላይ በብረት ሳጥን የተቆለፈች ትልቅ ቴሌቪዥን አለች፤ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ መምህሩ ይከፍትና ውስጧ ያለችው ሴት በእንግሊዝኛ እንደ ውሃ ታወርደዋለች። ጥያቄ ትጠይቅና ሙዚቃ እየተሰማ ትቆጥራለች፤ እኛ ገና ጥያቄውን ደብተር ላይ ሳንጨርስ፣ «በጣም ጎበዞች!» ብላን ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ባንመልስም ጎበዞች ነበርን። ስለ ብርቱና ስለ ደካማ አሲድ የተማርነው ከሷ ነው። አንድ ብርጭቆ ብርቱ አሲድ፣ አንድ ብርጭቆ ደካማ አሲድ፣ በየአንዳንዳቸው አምፖል። ብርቱው ቦግ አለ፣ ደካማው ጭል ጭል አለ። እኔ ከዚያ የያዝኩት ብርቱ ማለት የወፈረ፣ ደካማ ማለት የቀጠነ ነው ብዬ ነው። ደካማውን ሳስብ ውሃ የበዛበት ሻይ ነበር የሚታየኝ። ክፍሉ ሁሉ ያሰበው ይሄንኑ ይመስለኛል። ያ ስህተት በኋላ ምን እንዳሠራኝ ትሰማላችሁ።

ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ቲቸር ሙላት ይባል ነበር። ቀጭን፣ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ፣ ፕላዝማዋን ከልቡ የሚጠላ ሰው። አንድ ቀን ደሴ ላይ የትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውድድር ሊደረግ ነው፣ ከኛ ትምህርት ቤት አንዲት ሴት ተማሪ ሙከራ ይዛ ትሄዳለች አለን። ደሴ! እኔ በሕይወቴ ከመካነ ሰላም ወጥቼ አላውቅም። መኪናው በአቀስታ በኩል እንደሚያልፍ፣ እዚያ ብርዱ አጥንት እንደሚሰብር፣ ደሴ ስትገባ ደግሞ መብራቱ ከተራራ ሥር እንደሚታይ ከሾፌር ረዳቶች ሰምቼ በልቤ ስንቴ ሄጄዋለሁ። ቲቸር ሙላት ሁለታችንን መረጠ፣ እኔንና ዘሀራን። ለኔ ብርቱውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ለሷ ደካማውን አሴቲክ አሲድ ሰጠ። በሦስተኛው ቀን በዳይሬክተሩ ፊት ታሳያላችሁ፣ የተሻለችው ትሄዳለች አለን። ያን ዕለት ቤት ስንገባ ዘሀራ፣ «አንች ብትሄጅም ደስ ይለኛል» አለችኝ። እኔ ኩራዙን እፍ ብዬ ተኛሁ። ውሸት አልችልበትም።

ቤተ ሙከራው ስሙ ብቻ ነበር። ዕቃው ሁሉ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ሞዴል የሚባል ቅጽ ሳይሞላ አንድ ብርጭቆ አያወጣም። ቲቸር ሙላት ሁለት ቀን ተመላልሶ ሁለት ጠርሙስ አስወጣ። የኔው ሲከፈት ጭስ ይወጣዋል። የዘሀራ ጠርሙስ ግን ከነአካቴው በረዶ ሆኖ ተገኘ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ጊዜው አልፎበት ደርቋል፣ ፈርሙልኝና ልጣለው» አለ። ቲቸር ሙላት ሳቀ። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ነው፣ ውሃ የለበትም፣ በኛ አገር ብርድ ይረጋል አለና ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ቀልጦ ሲወርድ ሽታው ያ ነበር። የአቼቶ ሽታ፣ ግን መቶ ጊዜ የተናደደ።

የኔን አሲድ ራሱ አቀጠነልኝ፤ መጀመሪያ ውሃውን ቀድቶ ከዚያ አሲዱን ጠብ ጠብ አደረገበት። «አሲዱን ውሃ ላይ እንጅ ውሃን አሲድ ላይ እንዳታፈሱ፣ ይረጫችኋል» እያለ። ለዘሀራ ከንጹሑ በትንሽ ብልቃጥ ግማሽ ድረስ ቀዳላት። የሷንም ሊያቀጥንላት ውሃውን ገና ሲያነሳ አንድ ሰው በሩ ላይ መጥቶ ስብሰባ ተጀምሯል አለው። ያኔ የመምህር ስብሰባ አያልቅም ነበር፤ ግምገማ ሲሉት ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጡ ነበር። ውሃውን አስቀምጦ ሄደ። ዘሀራ ብልቃጧን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና እንደ ልማዷ አንገቷ ላይ ካለው ሻሽ ጫፍ አረንጓዴ ክር መዝዛ አሲዱ የደረሰበት ቦታ ላይ አሰረች።

መብራቱን የሠራነው ራሳችን ነን። ከቻይና ባትሪ የወጣች ነጭ አምፖል፣ አራት የባትሪ ድንጋይ በካርቶን የተጠቀለለ፣ ሽቦ፣ ከሞቱ ድንጋዮች መሃል ተሰብሮ የወጣ ሁለት ጥቁር ዘንግ። ዘንጎቹን አሲዱ ውስጥ ነከር ስታደርጊ አሲዱ መብራት የሚያሳልፍ ከሆነ አምፖሏ ትበራለች። የኔዋ ገና ሲነካት ቦግ አለች። ዓይን ታሳውራለች። ከዘንጉ ላይ አረፋ እየተንተከተከ የበረኪና ሽታ ወጣ፣ ሳልኩ፣ ግን እየሳልኩ እስቅ ነበር። ከዚያ ዘሀራ ነከረች። ምንም። ሽቦውን ፈታ አሰረች፣ ዘንጉን ጠረገች፣ ድንጋዩን ቀያየረች። ምንም። ጭል ጭል እንኳ የለም፤ ፕላዝማዋ ያሳየችን ጭል ጭል። ያን ዕለት ከሰዓት ሶላቷን ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። «ምነው?» አልኳት። «ምን አጥፍቼ እንደሆነ አላውቅም» አለችኝ። እራት አልበላችም። እኔ የሷንም ድርቆሽ በላሁት፤ ጣፈጠኝ።

በሦስተኛው ቀን ጧት የጽዳት ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ያኔ ወለሉን ውሃ ረጭተን ነበር የምንጠርገው፣ አቧራው እንዳይነሳ። በጣሳ ውሃ ይዤ ገባሁ። ማንም የለም። የሁለታችን ዕቃ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ትናንት ስላልበራ ደስ ቢለኝም አላረፍኩም፤ ቲቸር ሙላት መጥቶ አንድ ነገር ቢነግራትስ? አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ፣ መድፋት። ብልቃጡን ከፍቼ ዘቀዘቅኩት። አልወጣም። በሌሊቱ ብርድ እንደገና ረግቶ እንደ ጨው ድንጋይ ቂጡ ላይ ተጣብቋል። ነቀነቅኩት፣ ደበደብኩት፣ እምቢ አለ። ያኔ ነው ያ በውሃ የቀጠነ ሻይ ትዝ ያለኝ። ደካማውን ይበልጥ ባቀጥነው ድራሹ ይጠፋል አልኩና ከጣሳው አፈሰስኩበት። ውሃን አሲድ ላይ አታፍሱ የተባልኩትም ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ይረጭብኝ ይሆን ብዬ ፊቴን አዙሬ ነው ያፈሰስኩት። አልረጨም። ክዳኑን መልሼ ወለሉን ጠረግኩ። እንደዚያ ቀን አጥርቼ ጠርጌ አላውቅም።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ዳይሬክተሩና ቲቸር ሙላት መጡ፣ ክፍሉ ሞላ። የኔ ቦግ አለች፣ ተጨበጨበ። ዘሀራ ብልቃጧን አንስታ ለብርጭቆ ከመገልበጧ በፊት ቆም አለች። ክሩን ታየው ነበር። ፈሳሹ ከክሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ቀና ብላ ክፍሉን አላየችም፣ እኔንም አላየችኝም። ገለበጠችው፣ ዘንጉን ነከረች፣ አምፖሏ ጭል አለች። ፈዛዛ፣ ግን በራች። ልክ እንደ ፕላዝማዋ።

ቲቸር ሙላት ጠጋ አለ። ስብሰባው ስላስረሳው የሷን እንዳላቀጠነላት ያኔ ነው ትዝ ያለው መሰለኝ። «ንጹሑን እኮ ነው የሰጠሁሽ» አላት፤ «ንጹሑ አያበራም። ውሃ ጨመርሽበት?»

ዘሀራ የሸሁ ልጅ ናት፣ አትዋሽም። «ውሃ ገብቶበታል» አለች። ጨመርኩ አላለችም።

«እሺ፣ ውሃው ምን አደረገው?»

«ለብቻው ሲሆን የሚቀበለው የለም» አለች ቀስ ብላ፣ እያሰበች እንደሆነ ይታወቃል። «አሲዱ ሃይድሮጅኑን የሚሰጠው ለውሃ ነው፤ ሲሰጥ ነው መብራት የሚያልፈው። ትናንት ውሃ ስላልነበረ ዝም አለ። የደብሬ አሲድ ውሃ ሲያገኝ ቅንጣቶቹ ሁሉ ሃይድሮጅናቸውን ይለቃሉ። የኔው ጥቂቶቹ ይለቃሉ፣ ሌሎቹ እንደያዙ ይቀራሉ።»

ዳይሬክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ቲቸር ሙላት የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አለ፣ ለሁለታችንም። በእኩል ውሃ ውስጥ እኩል ብዛት ያለው አሲድ ቢኖረን፣ አንደኛው ብርቱ አንደኛው ደካማ፣ አሲዱ እስኪሞት ሶዳ ብንጨምርበት የቱ ነው ብዙ ሶዳ የሚበላው? እጄ ገና «የቱ» ሲል ወጥቷል። «ብርቱው ነዋ! መብራቱን አላያችሁም እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ያሸነፍኩ መስሎኝ ሳቅሁ።

«እኩል ነው» አለች ዘሀራ። «የለቀቁት ሲያልቁ በነሱ ቦታ የያዙት ይለቃሉ። እስኪያልቁ ድረስ። ደካማው ቀስ ብሎ ነው የሚሰጥ እንጅ ያለው አያንስም።»

ደሴ የሄደችው እሷ ናት። ገና ሲነጋ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋት፤ ካሴት ቤቱ ገና አልከፈተም፣ ሰዎች በጋቢ ተጠቅልለው የመኪና በር ላይ ይጋፉ ነበር። በመስኮት እጇን ስታወዛውዝ አንድ ነገር ብቻ ነበር በልቤ፣ ያ መብራት የኔ ነው። ውሃው የኔ ነው። ስትመለስ ቀይ ሻሽ አመጣችልኝ፣ ከደሴ ገበያ የተገዛ፤ ደሴን ልትነግረኝ ስትጀምር ራሴን አመመኝ አልኩ። ሻሹን አንድ ቀን አላሰርኩትም፣ በሶ ቋጠርኩበት። በዓመቱ መጨረሻ የአሥረኛ ክፍል ፈተና መጣ፤ ለሷ ነጥብ መጣላት፣ ለኔ አልመጣልኝም። እሷ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ጅዳ። እዚያ መታጠቢያ ቤት ሳጥብ በጠርሙስ ላይ የተሳለችውን የአሲድ ምልክት ባየሁ ቁጥር በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከጣሳ ያፈሰስኩት ውሃ ይመጣብኝ ነበር። ያን ውሃ ባላፈስ ያ አምፖል አይበራም ነበር። እሱ ባይበራ ማን ያውቃል። አሥር ዓመት ያህል ለማንም ሳልናገር የሷን ሕይወት ለሷ የሰጠሁት እኔ ነኝ እያልኩ ኖርኩ፤ እየቀናሁ፣ በገዛ ውሃዬ።

እንግዲህ ያች ዘሀራ ናት ባለፈው ሳምንት ፊቴ ተቀምጣ ሻይዋን የምታማስል። የመምህራን ኮሌጅ ኬሚስትሪ እንደምታስተምር ነገረችኝ፣ አባቷ ደህና እንደሆኑ፣ ስለኔም እንደሚጠይቁ። የከተፍኩትን ሰላጣ አቀረብኩላት። አቼቶውን ስታሸት ሳቀች።

«ለተማሪዎቼ ዓመት ዓመት አንችን እነግራቸዋለሁ» አለችኝ።

«እኔን? ምን ብለሽ?»

«ያን ብልቃጥ። ተረኛ እንደነበርሽ አውቅ ነበር እኮ። ክሩን ሳየው ወዲያው ገባኝ፤ ሌባ ሲቀንስ እንጅ ሲጨምር አይቼ አላውቅም።» ሻይዋን ፉት አለች። «በዋዜማው አልበራ ሲል እንደከፋኝ አይተሽ፣ ውሃ እንደጎደለው ገብቶሽ፣ ሳትነግሪኝ ጨመርሽልኝ። ራስሽ ልትሄጅ ስትችይ። ደግሞ አንዴም አላነሳሽውም። ጓደኛ ማለት ይህች ናት እላቸዋለሁ።»

እዚያ ቁርስ ቤት ውስጥ ሾፌሮች ይንጫጫሉ፣ ዘይቱ ይንጫጫል፣ እኔ ግን ምንም አልሰማም። ዘሀራ የምትነግረኝን ልጅ፣ ያችን ሌላዋን ደብሬ፣ እያየኋት ነበር። ጎበዝ ናት። ንጹሕ አሲድ ያለ ውሃ እንደማያበራ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ታውቃለች። ደሴን ለጓደኛዋ ሰጥታ አታወራም። ስንት ክፍል ተማሪ ስሟን ያውቃል። በዚያች ልጅ ቀናሁ። ወላሂ፣ በዘሀራ እንኳ እንደሱ ቀንቼ አላውቅም። ዝም ብል ያች ልጅ እኔ ነበርኩ፤ አሥር ዓመት የፈለግሁትን ነገር ሻይ ላይ አስቀምጣ እየሰጠችኝ ነበር። ግን እኔ ዝም ማለት አልችልበትም።

«ዘሀራ፣ ላበላሽብሽ ነው ያፈሰስኩት» አልኳት። «መጀመሪያ ልደፋው ነበር። ስለረጋ ነው እምቢ ያለኝ። ውሃው ያጠፋዋል ብዬ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም፤ እንዲሁ ሰላጣውን ታየዋለች። ውጭ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል።

«ያችን ልጅ እወዳት ነበር» አለች በመጨረሻ። ስለሞተ ሰው እንደሚወራው ነበር ያለችው።

«እኔም» አልኳት።

ተነሳች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ሁለቱን ሳመችኝ፣ ሦስተኛውን ረሳችው ወይም ተወችው። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ተጋፍታ መኪናው ውስጥ ገባች፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አለቀ አልኩ፣ ይህችንም አጣኋት። መኪናው ተንቀሳቀሰና መስታወቱ ተከፈተ፤ ያ የአሥረኛ ክፍል ፊቷ፣ እያሰበች እንደሆነ የሚታወቅ ፊቷ ብቅ አለ።

«ደብሬ! ስንት ነበር ያፈሰስሽው?»

«ምን?»

«ውሃውን። ስንት?»

«ከአሲዱ እኩል ይሆናል» አልኳት እየጮህኩ።

ራሷን ነቀነቀች፣ መምህር ተማሪውን ሲያርም እንደሚነቀንቀው። «ሸጋ ነው» አለች፤ «ያን ያህል ነበር የሚያስፈልገው!» መኪናው በኮብልስቶኑ ላይ ተንገጫግጮ በአቀስታ መንገድ ሄደ።

ገብቼ የቀረውን ሽንኩርት ከተፍኩ። አስቡት፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ፊቴን አዙሬ፣ ከክፋት ያፈሰስኩት ውሃ እንኳ ለሷ በልኩ ነበር የወረደው። ከዚህ በላይ ምን ያስቀናል።